ሳላወጣው የቀረሁት ዕጣ

ውድ እህቴ ሶሊ፣

ይህን የምጽፍልሽ ከሕንፃችን ምድር ቤት፣ ከላውንድሪው ክፍል ሆኜ ነው። ማድረቂያው አጠገብ ያለችውን እግሯ የተሰበረ ወንበር ታስታውሻታለሽ? አሁንም ማንም አልጠገናትም፤ እሷ ላይ ነው የተቀመጥኩት። እማዬ ሥራ ናት። ልብሱ ሳይደርቅ ብጨርስ ጥሩ ነበር። ግን ታውቂኛለሽ፤ እኔ አንዲት ነገር ለመናገር ዙሪያውን ብዙ እዞራለሁ።

ቅዳሜ ስልክ ተደውሎልሽ «ሃሎ» ስትዪ የተዘጋብሽ እኔ ነበርኩ። ድምፅሽን ስሰማ የተዘጋጀሁበት ሁሉ ጠፋብኝ። በቴክስት እንዳልልክልሽ ለነገሩ አይበቃም። በእንግሊዝኛ እንዳልጽፍ እንደ ሆምወርክ በቀይ አርመሽ የምትመልሽልኝ ይመስለኛል። አማርኛዬም ቢሆን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ግን በእሱ ብሳሳት ያን ያህል አላፍርም።

ስለ ኮሌጁ ነው። እባክሽ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ እንዳታጥፊው። መልስ የምትሰጪበት ቀን የሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ መሆኑን አውቃለሁ። ከዚያም በፊት አማካሪሽ «እስከ ዓርብ ካልደረሰ አይታይም» ያለችው ማስረጃ አለ። ቀኑን ስቆጥር ነው የምውለው። ዛሬ ክፍል ውስጥ አስተማሪው ሲጠራኝ እንኳ አልሰማሁትም፤ ልጆቹ ሳቁብኝ።

የፋሲካ ዕለት ያልሽው ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ከአጎታችን ከጋሼ ይድነቃቸው ቤት ድረስ ሜትሮና አውቶቡስ ቀያይረሽ ከእኛ ጋር ልትፈስኪ መጣሽ፤ ምግቡ ሳይነሣ ጃኬትሽን ለበስሽ። ያንን የባንክ ወረቀት ለእማዬ ዘርግተሽላት፣

«ማም፣ ይኼ ብር የማን ነው?» አልሻት።

«የኔ አይደለም።»

«አካውንቱ ያንቺ ነው እኮ! የማን ነው ታዲያ?»

«የሰው ነው። የሰው ነው አልኩሽ።»

«ሰውየው ስም የለውም? ለኮሌጁ ምን ብዬ ልጻፍ? 'የሰው ነው' ልበል?»

እማዬ ቀሚሷ ላይ የሌለ ፍርፋሪ ስታራግፍ አየኋት። ያኔ ነው፣ «ይኼን ሁሉ አስቀምጠሽ ነው ለላውንድሪ ኳርተር የምትለቅሚው?» ያልሻት። ከዚያ በሩን ይዘሽ፣ «ተይው በቃ። የኦሃዮውን ኮሌጅ እወስዳለሁ። እሱ ሜሪት ነው፤ በጉብዝናዬ፣ በራሴ ኧርን ያደረግኩት ነው። ማንም ኪሳችንን አይበረብርም። እኔ ለማኝ አይደለሁም» ብለሽ ወጣሽ።

እማዬ የኳርተሩን ነገር ከዚያ በኋላ አላነሣችውም። ግን የማሽኑን ሳንቲሞች፣ ኳርተሮቹን፣ የምታኖርበትን ብርጭቆ ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባችው።

እኔ ስለነዚህ ኮሌጆች የማውቀው አንቺ ለእማዬ ስታስረጂያት ከጎን ሆኜ የሰማሁትን ብቻ ነው። ከተሳሳትኩ አርሚኝ። በረዶው አገር ያለው፣ አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ የለጠፍሽው ኮሌጅ፣ ለጉብዝና ገንዘብ አይሰጥም። «እኛ ጋ የገባ ሁሉ ጎበዝ ነው» ይላል። የሚሰጠው ቤተሰቡ የጎደለውን ያህል ነው፤ ጉድለቱን ለማወቅ ደግሞ ደመወዙንም፣ ኪራዩንም፣ ባንኩንም ያያል። የኦሃዮው ግን ውጤትሽን አየና ስሙ በወርቅ ቀለም የተጻፈበት ፎልደር ላከልሽ። ስለ እማዬ አንድም ነገር አልጠየቀም። ጋሼ ይድነቃቸው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «የእህቴ ልጅ ስኮላርሺፕ አገኘች» ብለው ሲናገሩ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም እልል አልኩ፤ በልቤ ማለቴ ነው። በኋላ ነው እልል የተባለለት የክፍያው ግማሽ ብቻ መሆኑን የሰማሁት። የቀረውን ግማሽ እማዬ በየዓመቱ ብድር እየፈረመች ልትሞላው ነው። እማዬ እንኳን ብድር፣ የሱፐርማርኬት ካርድ ከመፈረሟ በፊት ሦስቴ ስታስነብብ አይተሻታል።

የበረዶው አገር ኮሌጅ ደግሞ በመጀመሪያ የላከልሽ ወረቀት «ገንዘብ አላችሁ» የሚል ዓይነት ነበር። በዚያ ብር ምክንያት።

አሁን የማን እንደሆነ ልንገርሽ። እስከ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ድረስ መናገር አልችልም ነበር።

የእትዬ እታለማሁ ነው። ስድስተኛ ፎቅ ያሉት፣ ሆስፒታል ለበሽተኞች ምግብ የሚያድሉት። እማዬ የሴቶቹን ዕቁብ እንደምትሰበስብ ታውቂያለሽ፤ ገንዘቡ በእሷ አካውንት ያልፋል እንጂ አይቀመጥም። እሑድ ተሰብስቦ ሰኞ ለደረሰው ይሰጣል። ዕጣውን የማወጣው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሲመርጡኝ እትዬ ሂክማ ምን አሉ መሰለሽ፦ «ይቺ ልጅ አፍ የላትም፣ እጅ ብቻ ናት፤ ለዕጣ የተፈጠረች!» ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ፌብሩዋሪ ላይ እጄን ስከት የእትዬ እታለማሁ ስም ወጣ። ወንበራቸው ላይ ሆነው በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ደብረ ታቦር ላሉት እናታቸው የቤት ጣራ ሊያሠሩበት ነበር። ባላቸው አቶ ለገሰ «ለዘመድ መላክ ይብቃን» ስለሚሉ ዕቁብ መግባታቸውን አያውቁም። ከትርፍ ሰዓት ሥራቸው ነበር ቆርጠው የሚያወጡት። በማግስቱ ጠዋት ተደወለ፤ እናታቸው አርፈዋል። ሻንጣቸውን ሲዘጉ እማዬ አጠገባቸው ነበረች። «ጌጤ፣ አንቺው ጋ ይቀመጥ። ለማንም እንዳትናገሪ። ለገሰ ጆሮ እንዳይገባ» አሏት። እማዬ በሚካኤል ማለችላቸው። ሲመለሱም አልወሰዱትም። «ጣራው ለማን ነው ከእንግዲህ? እዚያው ይቀመጥ፤ ባየው ያመኛል» አሉ። እንዲሁ ተቀመጠ።

አንቺ ፎርሙን የሞላሽው በዚያው ሰሞን ነው። «አካውንትሽ ውስጥ ስንት አለ?» ብለሽ በስልክ ጠየቅሻት፤ ያለውን ነገረችሽ። አጠገቧ ነበርኩ። በእማዬ ቤት አሜሪካን አገር ወረቀት ላይ ከሚዋሽ ሰው ይልቅ ሌባ ይሻላል። «ያለውን ነው የጠየቁኝ፤ ያለውን ነገርኩ» ነው የምትለው። የማን እንደሆነ ጭምር ሊጠይቋት እንደሚገባ አልመሰላትም። አንቺም አልጠየቅሻትም፤ ምናልባት ትርፍ ሰዓት ሠርታ ያጠራቀመችው መስሎሽ ይሆናል። በኋላ ስትጠይቂያት ደግሞ መሐላው ነበረ። ለአንቺ ብትነግርሽ ለጋሼ ይድነቃቸው ትነግሪያለሽ ብላ ፈራች። ጋሼና አቶ ለገሰ አንድ ጋራዥ ነው የሚሠሩት። ሲልቨር ስፕሪንግ የገባ ወሬ እኛ ሰፈር ላንድማርክ ለመድረስ አውቶቡስ አይጠብቅም።

ስለዚህ እማዬ በአንቺና በመሐላዋ መካከል ቆማ ነበር፤ እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ እያወቅሁ በእሷና በአንቺ መካከል። ሌሊት ሌሊት ጥርሴን እንደማፋጭ እማዬ ነገረችኝ።

ትናንት ዳግም ትንሣኤ ነበር። ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እኛ ቤት ተሰበሰቡ። ከፋሲካ የተረፈውን ድፎ በሻይ አቀረብኩ። እትዬ እታለማሁ ጥቁር እንደለበሱ መስኮቱ ጋ ተቀመጡ። እማዬ ሩዝ የምናጥብበትን ሳህን አመጣች፤ ዕጣዎቹ ተጠቅልለው ውስጡ ነበሩ። እትዬ ሂክማ ጀመሩ፦

«ዛሬ የኔ ካልወጣ ይቺን ልጅ እቀይራታለሁ። እጇ ክርስቲያን ክርስቲያኑን ብቻ ነው የሚለቅመው!»

«አንቺ ደግሞ፣ ባለፈው ረመዳን ማን ወሰደ?» አሉ እትዬ ዘርትሁን፤ እኚያ ጸጉር ቤት ያላቸው።

«እሱ በጾም ስለነበርኩ አዝናልኝ ነው!»

እነሱ ሲሳሳቁ እጄን ሳህኑ ውስጥ አስገባሁ። ወረቀቶቹን በጣቴ ነካኋቸው። አንዱን ያዝኩና ተውኩት። ሌላውን ያዝኩና ተውኩት። ሶሊ፣ እጄ አልወጣ አለኝ።

«አውጪ እንጂ!»

«ምነው፣ ነከሳት እንዴ?»

«አላወጣም» አልኩ።

እኔ ራሴ ድምፁ ከሌላ ክፍል የመጣ መሰለኝ። ግን ከጀመርኩ በኋላ ማቆም የባሰ አስፈራኝ።

«ሶሊ የምትፈልገው ኮሌጅ እርዳታ ከለከላት። 'ገንዘብ አላችሁ' አሏት። እማዬ አካውንት ውስጥ ባዩት ብር ምክንያት።»

«ሃኒ!» አለች እማዬ። እንዲህ ጮኻብኝ አታውቅም።

ስም አልጠራሁም። ወደ መስኮቱም አላየሁም፤ ሳህኑን ብቻ ነው ያየሁት። ግን ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ በፌብሩዋሪ የማን እንደወጣ ያውቃል።

«እኔን ነው» አሉ እትዬ እታለማሁ። «ጌጤ፣ እኔን ነው የምትለው። ለምን አልነገርሽኝም?»

«በሐዘን ላይ ሆነሽ? ደግሞስ ምያለሁ። ተያት፣ ልጅ ናት።»

«ሰዎቹ ምንድን ነው የሚፈልጉት?» አሉ እትዬ ሂክማ፣ ወደ እኔ ዞረው። እኔን! ከዚያ በፊት ስለ ቁም ነገር የጠየቀኝ ሰው የለም። አንቺ በስልክ የነገርሽኝን እንደዚያው ነገርኳቸው፦ ባለቤቱ «ብሩ የኔ ነው» ብሎ ከጻፈና ከፈረመ ኮሌጁ ሒሳቡን እንደገና ያያል።

«ፊርማ» አሉ እትዬ እታለማሁ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ እንደገና አስተካከሉ። «ወረቀት እግር አለው፣ ልጄ።»

እትዬ ዘርትሁን ያን ጊዜ ነው ጣልቃ የገቡት። «ቆይ፣ ልጅቷ ስኮላርሺፕ አግኝታ የለም እንዴ? እልል ብለንላታል እኮ! እሱን ለምን አትወስድም? እሱ ክብር ነው። ይኼኛው 'ደሃ ነኝ፣ ቤቴን እዩልኝ' ብሎ መፈረም ነው። እኔ ብሆን አላደርገውም።»

ልክ አንቺን የሰማሁ መሰለኝ። በእውነት በከፊል ልክ ናቸው ብዬም አሰብኩ። የመለሱት እትዬ ሂክማ ናቸው።

«ዘርትሁን፣ ይቺን ልጅ ያመጣናት በምንድን ነው?»

«የቷን?»

«ይቺን፣ ሳህን ይዛ የቆመችውን! ያን ወር ዕጣ አወጣን እንዴ?»

እማዬ አንገቷን ደፋች። እኔ አላወቅሁም ነበር፣ ሶሊ። አንቺ ታውቂ ነበር? እኔ ሁልጊዜ የእማዬ ተራ ደርሶ መስሎኝ ነበር። አንቺና እማዬ በዲቪ ዕጣ መጣችሁ። እኔ የሳንባ ምርመራው ላይ ቀረሁ፤ ሕክምናውን እስክጨርስ ቪዛው አለፈ፤ አክስቴ ቤት ትምህርቴን አቋርጬ ተቀመጥኩ። ለጠበቃና ለትኬት የሚሆነው ገንዘብ የተገኘው ለካ በዕጣ አልነበረም። ያን ወር እማዬ አለቀሰች፤ ሴቶቹም ሳህኑን እንዳለ ገፉትና «ያንቺ ይቅደም» አሏት።

«የኔ ሊወጣ እንደነበረ ሕልም አይቼ ነበር፤ ጸጉር ቤቱን ልከፍትበት» አሉ እትዬ ዘርትሁን።

«ግን ሰጠሽ?»

«ሰጠሁ እንጂ! አልሰጠሁም አልኩ?»

«እና ጌጤ ለማኝ ናት?»

እትዬ ዘርትሁን ሻያቸውን አነሡና ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት። «እንግዲህ እኔን ነገር አታናግሩኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። እትዬ እታለማሁ ተነሥተው ወጡ። አሳንሰሩ ሲመጣና ሲሄድ ሰማነው። ዕጣው ሳይወጣ ሁሉም ተበተኑ። ሳህኑ አሁንም ፍሪጁ ላይ ነው።

እማዬ አልተቆጣችኝም። ዕቃ ስታጥብ ቆይታ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «ምያለሁ እኮ፣ ሃኒ» ብቻ አለች። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ከትምህርት ቤት መልስ ልብሱን ማሽኑ ውስጥ ስከት እትዬ እታለማሁ እዚህ ድረስ መጡ። የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ነበሩ። ከቦርሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። እንግሊዝኛውን የእትዬ ሂክማ ልጅ ጽፋላቸዋለች፤ ሥሩ ላይ በአማርኛ ራሳቸው ጨምረውበታል፤ ፈርመዋል።

«ትናንት ማታ ለለገሰ ነገርኩት» አሉኝ። «ወረቀት ከሚነግረው እኔው ልንገረው ብዬ።»

«ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«መኪናውን አስነሥቶ ወጣ። ጠዋት ተመልሷል፤ ግን ቁርሱን አልነካም።» ከዚያ ማሽኑን እያዩ፣ «ያንን ብር ለእናቴ ጣራ ብዬ ነው ያጠራቀምኩት። በሰው ልጅ መንገድ ላይ ይጋደም ብዬ አይደለም። ለሶሊ እንደዚህ በያት» አሉኝ። ላመሰግናቸው አፌን ስከፍት «አሁን ደግሞ ብዙ አታውሪ» ብለው ሳቁብኝ። ሲስቁ ዓይናቸው አብጦ ነበር።

ወረቀቱ በዚህ ፖስታ ውስጥ ነው። የባንኩንም ወረቀት ጨምሬልሻለሁ። በፖስታ ቤት ለመላክ ፈራሁ፤ ቢጠፋስ? ጋሼ ቢከፍቱትስ? ነገ እትዬ ሂክማ እህታቸውን ለማየት ወደ ሮክቪል ሲሄዱ በመንገዳቸው ለአንቺ በእጅሽ ይሰጡሻል። ካልተገኘሽ መልሰው እንዲያመጡት ለምኛቸዋለሁ። አሁን ደግሞ የምፈራው መልሰው እንዳያመጡት ነው።

ሶሊዬ፣ አንድ ነገር ደግሞ አለ። እኔ ለአንቺ እንደመጣው ያለ ባለ ወርቅ ፎልደር መቼም አይመጣልኝም። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ገና አንደኛውን የእንግሊዝኛ ክፍል አልጨረስኩም። ሜሪት የሚባለው ቤት በሩ የት እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ስለዚህ «እኔ ለማኝ አይደለሁም» ስትዪ አንቺ ስለ ኮሌጅ ነበር የምታወሪው፤ እኔ ግን ስለ እኔ መሰለኝ። ምናልባት ከማንም በላይ ያመመኝ ለዚህ ይሆናል። ትናንት ምክንያቱን አገኘሁት።

እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ፣ የትም ባትሄጂ ደስ ይለኛል። በረዶውም አገር፣ ኦሃዮም። አንቺ ከሄድሽ የእማዬን ደብዳቤ የማነበው እኔ ነኝ፤ ስልክ የምመልሰው እኔ ነኝ፤ ይህን ሳስብ ብርድ ብርድ ይለኛል። ሆኖም ግን ኦሃዮን ከመረጥሽ ወደሽው ምረጪው። ኪሳችንን ላለማሳየት ብለሽ አትምረጪው። ኪሳችን ውስጥ የሚያሳፍር ነገር አልነበረም፤ የእትዬ እታለማሁ ሐዘን ነው የነበረው።

ማድረቂያው ቆሟል። ልብሱ ገና እርጥብ ነው፤ ኳርተር አልቆብኛል፤ ሽቅብ ወጥቼ ከቁም ሣጥኑ ማውጣት አለብኝ። ደውዪ፤ አልዘጋውም። ለእማዬ ደውዪላት። ይቅርታ በያት አልልሽም፤ «በላሽ ወይ?» ካልሻት ይገባታል።

ዕጣውን የማወጣው በሚመጣው እሑድ ነው። እትዬ ሂክማ የእሳቸው ካልወጣ እንደሚቀይሩኝ ድጋሚ ዝተዋል። አንቺ እማዬ አጠገብ ተቀምጠሽ ብትሆኚ እጄ የሚፈታ ይመስለኛል። ባትመጪም አወጣለሁ፤ ቃሌ ነው።

ያለ ዕጣ የመጣችው እህትሽ፣
ሃኒ